ዝም ያለውን ታካሚ አትለፉት፦ ካታቶኒያን ለይቶ የማከም ዝርዝር መመሪያ

ካታቶኒያ የታካሚው እንቅስቃሴ፣ ንግግርና ለአካባቢው የሚሰጠው ምላሽ ባልተለመደ መንገድ የሚታወክበት ሁኔታ ነው። ሦስት ቦታ ላይ ያመልጠናል። አንደኛ፣ ታካሚው አይጮህም፣ አያስቸግርም፤ ስለዚህ ቻርቱ ላይ «ተረጋግቷል» ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ «ምግብ እምቢ አለ፣ አልታዘዝም አለ» ተብሎ ሃሎፔሪዶል (ጸረ-ሳይኮሲስ መድኃኒት) ይወጋል። ከዚያ ይብሱን ይደርቃል። ሦስተኛ፣ ችግሩ ታውቆም አንድ ጊዜ ትንሽ መድኃኒት ይሰጥና «አልሠራም» ተብሎ ይተዋል።

መመሪያው ለሳይካትሪ ነርሶች፣ ለጤና መኮንኖች፣ ለኢንተርኖችና ለጠቅላላ ሐኪሞች ነው። አስታማሚ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ መድኃኒቱን ለባለሙያ ተዉት፤ ምልክቶቹንና የአልጋ ላይ እንክብካቤውን ግን አጥብቃችሁ ያዙ።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንያዝ። ካታቶኒያ ሁልጊዜ ዝምታ አይደለም። ያለ ምክንያት የሚሯሯጥ፣ አንድ እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ የሚደጋግም፣ ብትቆጡትም ብትለምኑትም ለውጥ የማያሳይ ታካሚም ካታቶኒያ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይውልና ማታ ይነሳል። በአንድ ጉብኝት አትወስኑ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አልጋው አጠገብ አድርጉ፦

- ቴርሞሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ የስኳር መለኪያ
- ኦክስጅንና አምቡ ባግ (በእጅ የሚጨመቅ የትንፋሽ መርጃ)፤ ፍሉማዜኒል (የሎራዚፓምና የዳያዚፓም ማርከሻ) ካለ እሱንም
- ካኑላ፣ ሲሪንጅ፣ ሎራዚፓም ወይም ዳያዚፓም (ካታቶኒያን የምናክምባቸው ማረጋጊያ መድኃኒቶች)
- የቡሽ-ፍራንሲስ የካታቶኒያ መለኪያ ቅጽ
- ሰዓት

ሎራዚፓም በመርፌ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት ነው። ብዙ ቦታ አይገኝም፤ ቢገኝም መብራት ሲጠፋ የዋለበት ሁኔታ አይታወቅም። ስለዚህ ዳያዚፓም በእጃችሁ መኖሩን ታካሚው ከመምጣቱ በፊት አረጋግጡ።

ከዚያ አስታማሚውን ለብቻ ይዛችሁ ጠይቁ። መጨረሻ የበላው፣ የጠጣው፣ የሸናው፣ የተናገረው መቼ ነው? ምን መድኃኒት ይወስድ ነበር? የትኛውን አቋረጠ? በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ አለው? ትኩሳት ወይም መንቀጥቀጥ ነበረው? አልኮል፣ የእንቅልፍ ኪኒን፣ ትራማዶል ይጠቀም ነበር? ሴት ከሆነች በቅርብ ወልዳለች?

ከፀበል የመጡ ከሆነም ፊታችሁን ሳታጠቁሩ ጠይቁ። የምትፈልጉት መረጃ ሁለት ነው፦ ስንት ቀን ሳይበላ ቆየ፣ መድኃኒቱስ እዚያ እያለ ተቋርጧል ወይ። ቤተሰብ የተፈረደበት ከመሰለው እውነቱን አይነግራችሁም።

ደረጃ 1፦ አጣዳፊውን ቅደሙ

1. ስኳር ለኩ። ዝቅ ያለ ስኳር ካታቶኒያ መስሎ ይመጣል።
2. ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ አተነፋፈስና ኦክስጅን ለኩ። ጻፉት።
3. አንገቱ ገትሮ እንደሆነ፣ አንድ ጎኑ ደክሞ እንደሆነ፣ ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት እንዳለ እዩ።
4. የታዘዙለትን የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች በሙሉ ተመልከቱ። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ፍሉፌናዚን ካሉ ለጊዜው አስቁሙ።
5. የማስታወክ ማስታገሻውንም አትርሱ። ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) እንደ ሃሎፔሪዶል ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ያግዳል። ከሳይካትሪ ውጭ ስለሚታዘዝ ማንም አያስተውለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ትኩሳት፣ ግትርነትና የሚዋዥቅ የደም ግፊት አንድ ላይ ካያችሁ የቀረውን ደረጃ በሰልፍ አትጠብቁ። ቀጥታ «ገዳዩ ዓይነት» ወደሚለው ክፍል ዝለሉ።

ደረጃ 2፦ ሳትነኩ ተመልከቱ

ወንበር ስባችሁ ጥቂት ደቂቃ ተቀመጡ። ስለ ተራ ነገር አናግሩት። መልስ ባይሰጥም ቀጥሉ። ዓይኑ ይርገበገባል ወይስ አፍጥጦ ቀርቷል? ፊቱን ያጨማድዳል? የተናገራችሁትን ይደግማል? እግሩን በማይመች ሁኔታ አንጠልጥሎ ቆይቷል? ራሱን ከትራስ ላይ ብድግ አድርጎ ትራስ ያለ ይመስል አየር ላይ ተኝቷል?

አፉን ከፍታችሁ እዩ። ጠዋት የጎረሰው እንጀራ ከሰዓት በኋላ ጉንጩ ውስጥ እንዳለ ይገኛል። አስታማሚዋ «ቁርሱን በልቷል» ብላችሁ ይሆናል፤ እውነቷን ነው፣ አጉርሳዋለች። አልዋጠውም እንጂ። ይህ ምልክትም ነው፣ አደጋም ነው፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ደረጃ 3፦ በእጃችሁ መርምሩ

ካታቶኒያ በጥያቄና መልስ አይገኝም። እጅ ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ታካሚውን እንደ ዕድሜው በአክብሮት አናግሩት። ዝም ያለ ሰው የማይሰማ አይምሰላችሁ። ብዙዎቹ ሲድኑ አልጋቸው አጠገብ የተባለውን ቃል በቃል ያስታውሳሉ፤ በዚያን ጊዜ ከባድ ፍርሃት ውስጥ እንደነበሩም ይናገራሉ።

1. እያወራችሁ ራሳችሁን ጎላ አድርጋችሁ እከኩ። ተከትሎ ካከከ እንቅስቃሴ እየቀዳ ነው።
2. «አባቴ፣ ክንድዎን ላላ ያድርጉልኝ» በሉ። ክንዱን ያዙና አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በኃይል አጥፉ፣ ዘርጉ። ግትር ነው? ስትገፉ በገፋችሁት ልክ ይገፋል? ወይስ ትንሽ ታግሎ እንደ ሰም ይታጠፋል?
3. ክንዱን ወደ ላይ አንሱና ልቀቁ። «ማውረድ ይችላሉ» በሉት። ሰዓት ያዙ። በመለኪያው ከ1 ደቂቃ በታች ከቆየ 1፣ ከ1 ደቂቃ በላይ ከሆነ 2፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ከሆነ 3 ነጥብ ነው።
4. እጁን እንዲዘረጋ አድርጉ። አንድ ጣታችሁን ከእጁ ሥር አስገብታችሁ «ከፍ እንዳደርገው አይፍቀዱልኝ» እያላችሁ በቀስታ አንሱ። በአንድ ጣት ብቻ ክንዱ ሽቅብ ከሄደ መዝግቡ።
5. እጃችሁን ለሰላምታ ዘርጉ፤ በአፋችሁ ግን «አይጨብጡኝ» በሉ። እጁ መጥቶ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ከመጣ በሁለት ሐሳብ ተይዟል ማለት ነው።
6. እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ከትታችሁ «ምላስዎን ያውጡ፣ በመርፌ ልወጋው ነው» በሉ። ካወጣ ያለ ማመዛዘን እየታዘዘ ነው። መርፌ አያስፈልግም! አስታማሚውን ቀድማችሁ ካላስረዳችሁት ግን ግርግር ይፈጠራል።
7. መዳፉን በጣታችሁ ዳብሱ። ጣታችሁን ጥርቅም አድርጎ ከያዘ ጻፉ።

ታካሚው እጁን ካላስነካ? አትታገሉት። መቃወሙ ራሱ ምልክት ነው። ያያችሁትን ጻፉና ከሰዓታት በኋላ ተመለሱ።

ደረጃ 4፦ ቁጠሩ

የቡሽ-ፍራንሲስ መለኪያ 23 ነጥቦች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 14 መለያ ናቸው፤ ከነሱ 2 ወይም ከዚያ በላይ ለ24 ሰዓት ከታዩ ካታቶኒያን ጠርጥሩ። 23ቱም ከ0 እስከ 3 ተመዝነው ሲደመሩ ክብደቱን ያሳያሉ። በዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ) ደግሞ ከ12 ምልክቶች 3 ይበቃሉ።

ድምሩን ከሰዓቱ ጋር ጻፉ። «ትንሽ ይሻለዋል» የሚል ማስታወሻ ነገ ለሚመጣው ተረኛ ምንም አይነግረውም። «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 21፣ ከመርፌ በኋላ 8» ሁሉንም ይነግረዋል።

24 ሰዓት የሚለው ታካሚው ሳይጠጣ እንዲያድር ፈቃድ አይደለም። ከከበደ ሙከራውን ዛሬውኑ አድርጉ።

ደረጃ 5፦ ከሥሩ ያለውን በሽታ ፈልጉ

ካታቶኒያ በብዛት ከስሜት መዛባት ሕመም፣ በተለይ ከባይፖላርና ከከባድ ድብርት ጋር ይመጣል። ስኪዞፍሬኒያ ብቻ ነው የሚለው የቆየ አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል። ከአምስት ታካሚ በአንዱ ገደማ ደግሞ መነሻው የአካል በሽታ ነው፦ የአንጎል ኢንፌክሽን፣ የራስን አንጎል የሚያጠቃ የመከላከያ ችግር፣ የሚጥል በሽታ፣ የሶዲየም መውረድ፣ ሉፐስ። የእንቅልፍ ኪኒን፣ አልኮል ወይም ክሎዛፒን የተባለውን ጸረ-ሳይኮሲስ መድኃኒት በድንገት ማቆምም ያመጣዋል።

የደም ሴል ቆጠራ፣ ኤሌክትሮላይት፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ኤችአይቪና ሲፒኬ (የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) አዝዙ። ወባ ባለበት አካባቢ ብለድ ፊልም ጨምሩ። ትኩሳት ካለ የማጅራት ገትርና የአንጎል ወባን ሳታስወግዱ «ሳይካትሪ ነው» አትበሉ። የመጀመሪያ ሕመሙ ከሆነ ወይም መንቀጥቀጥ ከነበረ ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና የጭንቅላት ምስል ፈልጉ፤ ሳያንቀጠቅጥ የሚቀጥል የሚጥል በሽታ ቁርጥ ካታቶኒያ ይመስላል።

ከመድኃኒት የሚመጣ ግትርነትም ያምታታል። እዚያ ሰውየው ቀርፋፋ ነው እንጂ ይተባበራል፣ ያያችኋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ደረጃ 6፦ የመድኃኒት ሙከራ

1. ነጥቡን ለኩና ጻፉ።
2. አተነፋፈስና ኦክስጅን ለኩ።
3. ሎራዚፓም ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም በደም ሥር በቀስታ ስጡ። ለአረጋዊ፣ ለደከመ ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ከ0.5 ጀምሩ።
4. ጠብቁ። በደም ሥር ከሆነ 5 ደቂቃ፣ በጡንቻ 15፣ በአፍ 30።
5. እንደገና ለኩ። ነጥቡ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መልስ አለ።
6. ለውጥ ከሌለና አተነፋፈሱ ደህና ከሆነ አንድ ጊዜ ድገሙ።

ሎራዚፓም በሌለበት ዳያዚፓም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጣል። አሥሩን ሚሊ ግራም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ግፉ። አትቸኩሉ፤ የሚቆመው ትንፋሽ ነው። በሲሪንጅ ከሌላ መድኃኒት ጋር አትቀላቅሉት። በጡንቻ ሲወጋ አገባቡ ስለማይታመን አማራጭ ካለ ተዉት።

ከመርፌው በፊት ለቤተሰብ አንድ ነገር ንገሩ። ቀናት ያልተናገረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ዓይኑን አንቀሳቅሶ ውኃ ሊጠይቅ ይችላል። እናት ታለቅሳለች፣ ዋርዱ ሁሉ ይሰበሰባል። ከሰዓታት በኋላ ግን መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሶ ሊደርቅ ይችላል። ይህን ቀድመው ካልሰሙ «አበላሻችሁት» ይላሉ። እውነት ለመናገር አንዳንድ ባልደረቦቻችንም እንዲሁ ያስባሉ።

ችግር ሲገጥም

*እንቅልፍ ወሰደው፣ አልነቃም።* አተነፋፈሱን ተከታተሉ፣ ሲነቃ እንደገና ለኩ። በትንሽ መጠን ድብን ብሎ ከተኛ ምርመራችሁን ከልሱ፤ ዴሊሪየም (በአካል በሽታ የሚመጣ ድንገተኛ የንቃትና የአእምሮ መዛባት) ሊሆን ይችላል።

*ትንፋሹ ወረደ።* መስጠት አቁሙ፣ የአየር መንገዱን ክፈቱ፣ ኦክስጅን ስጡ፣ ካስፈለገ በአምቡ ባግ ደግፉ። ፍሉማዜኒል የእንቅልፍ ኪኒን ለለመደ ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ውሳኔ ብቻ ይሰጥ።

*ምንም ለውጥ የለም።* ሙከራው አለመሳካቱ ካታቶኒያ አይደለም ማለት አይደለም። አንዳንዱ መልስ የሚሰጠው ከቀናት መደበኛ መጠን በኋላ ነው። ወደ ቀጣዩ ደረጃ እለፉ።

ደረጃ 7፦ ሕክምናውን በበቂ መጠን ቀጥሉ

ብዙ ሕክምና የሚከሽፈው እዚህ ነው። ሎራዚፓም ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ጀምሩ። በየቀኑ ለኩ። መሻሻሉ ከቆመና ታካሚው ካልፈዘዘ መጠኑን በየ1 ወይም 2 ቀኑ ጨምሩ። ሆስፒታል ውስጥ በክትትል በቀን ከ8 እስከ 24 ሚሊ ግራም የሚደርስ አለ። ቁጥሩ ለጭንቀት ከምንሰጠው ጋር ሲነጻጸር ያስደነግጣል፤ ካታቶኒያ ያለበት ሰው ግን በዚያ መጠን ከመተኛት ይልቅ ይነቃል። በዳያዚፓም የምትሠሩ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ጀምሩ፤ በአረጋውያንና ጉበታቸው በታመመ ሰዎች ሰውነት ውስጥ እንደሚጠራቀም አስታውሱ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ታካሚው ተነስቶ ሲበላ ያየ ተረኛ «ተሽሎታል» ብሎ የቀኑን መጠን ይዘላል። ማግስቱን ተመልሶ ይደርቃል። ወይም ፋርማሲው ባዶ ይሆናል። በቻርቱ ፊት ላይ «ተሽሎትም ቢሆን አይዘለል» ብላችሁ ጻፉ፤ የአንድ ሳምንት መድኃኒት ቀድማችሁ አስይዙ።

በበቂ መጠን ከ3 እስከ 5 ቀን ሰጥታችሁ ለውጥ ከሌለ ስለ ኢሲቲ (በማደንዘዣ ሥር በአጭር የኤሌክትሪክ ፍሰት አንጎል ላይ መንቀጥቀጥ የሚያስነሳ ሕክምና) አሁኑኑ ተነጋገሩ።

ደረጃ 8፦ አልጋው እንዳይገድለው

የማይንቀሳቀስ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው በካታቶኒያው ሳይሆን በደም መርጋት፣ በሳንባ ምችና በድርቀት ነው።

- የገባውንና የወጣውን ፈሳሽ በየሰዓቱ መዝግቡ። የማይጠጣ ከሆነ በደም ሥር ስጡ።
- የተራበ ከሆነ ግሉኮስ ከመስቀላችሁ በፊት ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) 100 ሚሊ ግራም ስጡ። ስኳሩ ወርዶ ከሆነ ግን ግሉኮሱን አታዘግዩ፤ ሁለቱንም አብራችሁ ስጡ።
- ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡና በትንሽ በትንሹ አብሉ። መዋጡን ሳታዩ ሁለተኛ አታጉርሱ። ጸበልም ይሁን ውኃ ተኝቶ ዝም ባለ ሰው አፍ ላይ አታፍስሱ። ካልዋጠ የምግብ ቱቦ ይግባለት።
- ለብዙ ቀን ያልበላን ሰው በአንዴ አታጥግቡ። በትንሹ ጀምሩ፤ ፖታሺየም፣ ፎስፌትና ማግኒዚየም ተከታተሉ።
- በየ2 ሰዓቱ አገላብጡ። ተረከዝና መቀመጫ ላይ የአልጋ ቁስል ፈልጉ።
- የመድማት ስጋት ከሌለ ኢኖክሳፓሪን 40 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ወይም ሄፓሪን 5,000 ዩኒት በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ከቆዳ ሥር ስጡ። አንድ እግር ካበጠ ወይም በድንገት ትንፋሽ ካጠረ የረጋ ደም ጠርጥሩ።
- ሆዱን ከእምብርት በታች ዳስሱ። የማይናገር ሰው ሽንቱ መያዙን አይነግራችሁም።
- መገጣጠሚያዎቹን በቀን ብዙ ጊዜ አንቀሳቅሱ። አስታማሚዎች ይህን ጎበዝ ሆነው ይሠራሉ፤ አሳዩአቸው።
- በገመድ አትሰሩት። ገመድ የደም መርጋትንና ድርቀትን ያባብሳል።

ገዳዩ ዓይነት

ሙቀት፣ ፈጣን የልብ ምት፣ ላብ፣ የሚዋዥቅ የደም ግፊት፣ ግትርነት፣ የንቃት መለዋወጥ። እነዚህ ከተሰበሰቡ አደገኛ ካታቶኒያ ወይም ከሥነ አእምሮ መድኃኒት የሚመጣው ማሊግናንት ሲንድረም ነው። አልጋ አጠገብ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። የመጀመሪያው ሥራ ግን አንድ ነው።

1. ዶፓሚን የሚያግድ መድኃኒት ሁሉ ይቁም። በወር የሚወጋውን ወስዶ ከሆነ ከሰውነት ስለማይወጣ ሕመሙ ለሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል አስቡ።
2. አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ወዳለበት ቦታ አዛውሩ። በጉዞ ላይ ኦክስጅንና ፈሳሽ ይኑር።
3. በእርጥብ ጨርቅና በአየር አቀዝቅዙ። ፈሳሽ ጨምሩ። ሲፒኬ፣ ፖታሺየምና ኩላሊት በየጊዜው ይለካ።
4. ሎራዚፓም ወይም ዳያዚፓም ወዲያው ጀምሩ።
5. ኢንፌክሽንን አትዘንጉ፤ እስኪጣራ አክሙ።
6. ኢሲቲ ካለ ቀናት አትጠብቁ። ከመድኃኒት የመጣ ከሆነ ብሮሞክሪፕቲን ወይም ዳንትሮሊን መጨመርን ስፔሻሊስት ይወስን።

ደረጃ 9፦ ኢሲቲ

በአገራችን የሚሰጥባቸው ቦታዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ስልክ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ማደንዘዣ ባለሙያ መኖሩንም አረጋግጡ። ኢሲቲ ለካታቶኒያ ካሉን ሕክምናዎች ሁሉ ጠንካራው ነው። የሚያስፈራው ስሙና ወሬው ነው። ለቤተሰብ በቀላሉ አስረዱ፦ ይተኛል፣ ጡንቻው ይላላል፣ አይሰማውም፣ ከነቃ በኋላ ለጊዜው ሊረሳ ይችላል።

ለማደንዘዣ ባለሙያው ሁለት ነገር ንገሩ። ታካሚው ስንት ቀን ሳይንቀሳቀስ ተኝቷል? ረጅም ከሆነ ሱክሳሜቶኒየም (ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት) ፖታሺየሙን በአደገኛ ሁኔታ ሊያሻቅበው ይችላል። የመጨረሻው ሎራዚፓም መቼ ተሰጠ? መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን ስለሚከለክል የጠዋቱ መጠን ይዘገያል፣ ወይም ከሕክምናው በፊት ፍሉማዜኒል ይሰጣል።

በሳምንት 3 ጊዜ የተለመደ ነው፤ ገዳዩ ዓይነት ከሆነ በየቀኑ ይጀመራል። ከመጀመሪያው በኋላ ተነስቶ ቢበላም አታቋርጡ። ኢሲቲ ማግኘት ካልተቻለ ሜማንቲን ወይም አማንታዲን መጨመር አለ፤ ከስፔሻሊስት ጋር ተማክራችሁ አድርጉት።

ደረጃ 10፦ ሲሻለው

ከሥሩ ያለውን ሕመም አሁን አክሙ። ሳይኮሲስ ካለና ጸረ-ሳይኮሲስ የግድ ከሆነ ሎራዚፓሙን ሳታቆሙ፣ ከአዲሶቹ መድኃኒቶች በአንዱ፣ በዝቅተኛ መጠን ጀምሩ። ሙቀትና ግትርነት በየቀኑ እዩ። የሚወጋውን ረጅም ጊዜ የሚቆይ መርፌ አትቸኩሉበት። ክሎዛፒን ከ48 ሰዓት በላይ ተቋርጦ ከነበረ በድሮው መጠን አትመልሱት፤ ከ12.5 ሚሊ ግራም እንደገና ይጀመራል።

ሎራዚፓሙን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ቀንሱ። ምልክቱ ከተመለሰ ወደ ሠራው መጠን ተመለሱ። አንዳንዱ ወራት ይፈልጋል።

የመውጫ ወረቀቱ ላይ እነዚህን በጉልህ ጻፉ፦ «ካታቶኒያ ነበረው»፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ነጥቡ፤ የትኛው መድኃኒት በስንት ሚሊ ግራም እንደሠራ፤ መድኃኒቱ የሚቀነስበት መርሐ ግብር ቀን በቀን፤ «ሃሎፔሪዶል፣ ፍሉፌናዚንና ፕላሲል በጥንቃቄ»። ቤተሰቡ ጋ አንድ ቅጂ ይቅር፤ ስልካቸውም ላይ ፎቶ ያንሱት። መናገር ወይም መብላት ከቀነሰ በዚያው ቀን እንዲያመጡት ንገሯቸው። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ከ1 ሳምንት አታሳልፉ።